መተማ የንጉሥ መሞቻ ብቻ ናትን?

ደሴት ማለት በውሃ የተከበበ መሬት ነው ብሎ ጂኦግራፊ ያስተምረናል። የሰው ልጅ ግን ያለ ውሃም ደሴት መሥራት ይችልበታል። አንድን አገር መርሳት፣ ስሙን ለአንድ ቀን ጦርነት ብቻ መስጠት፣ መንገዱን ለንግድ ከፍቶ ለጽሑፍና ለጨዋታ መዝጋት ይበቃል። ከጎንደር ከፍታ ጭልጋን አልፎ ወደ ሱዳን ጠረፍ የሚወርደው የሐሩር ምድር፣ መተማና ቋራ ከነአካባቢያቸው፣ እንዲህ ያለ ደሴት ነው። የከበበው ባሕር የደገኛው መዘንጋት ነው።

የዚህ ደሴት ርእሰ ከተማ ዛሬ ገንዳ ውሃ ናት። ብዙዎች ሸኸዲ ይሏታል። ከእርሷ ወደ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ቢሄዱ መተማ ዮሐንስ ይገኛል፤ ከዚያ ደረቅ ወንዝ ብጤ ተሻግሮ የሱዳኑ ጋላባት አለ። ሰሊጡ ከዚህ ይመጣል፣ ዕጣኑ ከዚህ ይመጣል፣ ጥጡ ከዚህ ይመጣል። ታሪኩ ግን አይመጣም። ለመሆኑ ስለዚህ አገር ምን እናውቃለን? በአዲስ አበባ ወይም በባሕር ዳር አንድ የተማረ ሰው አስቁማችሁ «መተማ» ብትሉት፣ «ዐፄ ዮሐንስ የሞቱባት» ይላችኋል። «ቋራ» ብትሉት ደግሞ፣ «የመይሳው ካሳ አገር» ይላል። አበቃ። ለቆላው የሰጠነው ሁለት ንጉሥ ነው፤ አንዱ የወጣበት፣ አንዱ የቀረበት። በሁለቱ ነገሥታት መካከል ያለው ሕዝብ የት ገባ?

ነገሩ እንዳይዛባ አስቀድመን እንለይ። የዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ሞት ትንሽ ነገር ነው የሚል የለም። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጦር የደርቡሽን የመተማ ምሽግ ጥሶ ገብቶ ሳለ ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ተመቱ፤ ድል ይሆናል የተባለው ውጊያ ወደ ሽሽት ተለወጠ፤ ቁስሉ ለሞት አበቃቸው፤ አስከሬናቸውም በጠላት እጅ ወድቆ ራሳቸው ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። ለሀገሩ ሲል በጠረፍ የወደቀ ንጉሥ ሊታወስ ይገባዋል። የጠረፏም ከተማ ስሙን ተሸክማ መተማ ዮሐንስ መባሏ ያስመሰግናታል እንጂ አያስወቅሳትም። የእኛ ጠብ ከመታሰቢያው ጋር አይደለም፤ መታሰቢያውን ከሰው ሁሉ በላይ ቆልለን ሌላውን ከሥሩ ከቀበርነው ጋር ነው። የአንዲት ከተማ ሕይወት በአንድ ሳምንት መጋቢት ውስጥ አያልቅምና።

እስቲ ከጦርነቱ በፊት መተማ ውስጥ ማን ነበር ብለን እንጠይቅ።

ተክሩሮች ነበሩ። ተክሩር የሚለው ስም በሴኔጋል ወንዝ አካባቢ ከነበረ ጥንታዊ መንግሥት የተወረሰ ሲሆን፣ ኋላ ግን ከምዕራብ ተነሥቶ ወደ መካ ለሚጓዝ ጥቁር ሙስሊም ሁሉ መጠሪያ ሆኗል። ከዳርፉርና ከዚያም ወዲያ የመጡ ሐጃጆች፣ ከ18ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ በዚህ ቆላ እንደ ሰፈሩ የታሪክ ጸሐፊዎች ይገልጻሉ። መሬቱ ለምለም ሆኖ አገኙት፤ ማሽላና ጥጥ ዘሩበት፤ መንገደኛ ሆነው መጥተው ባለአገር ሆኑ። የራሳቸውን ሼክ ሾሙ። ለካርቱሙ የግብፅ መንግሥትም ለኢትዮጵያ ገዢዎችም ግብር እየከፈሉ፣ ከሁለት ኃያላን መካከል ትንሽ አገር አቁመው ኖሩ። ከአትላንቲክ ዳርቻ እስከ ቀይ ባሕር የተዘረጋው የእስልምና መንገደኞች ጎዳና አንዱ ማረፊያ የኢትዮጵያ መሬት ጥግ ላይ ነበር ማለት ነው። ይህን ከእኛ መካከል ስንቱ ሰምቶ ያውቃል?

የሰሙት ፈረንጆች ናቸው። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. በ1862 በዚያ አልፎ፣ እ.ኤ.አ. በ1867 ባሳተመው ስለ ዓባይ ገባሮች በጻፈው መጽሐፉ ገበያዋን ይገልጻል። ከደጋው ቡና፣ ሰም፣ ማር፣ ከብት፣ ፈረስና በቅሎ ይወርድ ነበር። የጎንደር ሙስሊም ነጋዴዎች ከሱዳን ነጋዴዎች ጋር የሚገናኙት በዚያ ነበር። መተማ ለሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ወደብ ነበረች ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ባሕር የሌላት ወደብ።

የተክሩሮቹን ታሪክ ወደ ኢትዮጵያ ታሪክ ለማስገባት የሚያመነታ ካለ አንድ ነገር ይስማ። የመሐዲ እንቅስቃሴ ሱዳንን ሲያጥለቀልቅ የጋላባት ተክሩሮች ሼክ የነበሩት ሷሊሕ ሻንጋ የተሰለፉት ከኢትዮጵያ ወገን ነው። እኚህ ሰው ሙስሊም ናቸው፤ ኢትዮጵያን የሚገዛው ንጉሥ ደግሞ በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ሙስሊሙ ክርስትና እንዲቀበል ያወጀ ንጉሥ ነው። በሃይማኖት ቢሆን ኖሮ የሚሄዱበት ወገን የታወቀ ነበር። አልሄዱም። ሰው ማንነቱ አንድ ክር ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ከየት ይመጣል? ድርሰት የሚጽፉ ሰዎች «ታሪካዊ ርእስ አጣን» ሲሉ እንሰማለን። በአንድ በኩል ካሊፋው፣ በሌላ በኩል ንጉሠ ነገሥቱ፣ በመሐል ሕዝቡን ይዞ የሚጨነቅ የተክሩር ሼክ፤ ከዚህ የተሻለ የትያትር ገጸ ባሕርይ ከየት ይምጣላቸው?

ይህ የሚያኮራው ገጽ ነው። የማያኮራውም አለ፤ እርሱንም ካልገለጥን የምንሟገተው ለታሪክ ሳይሆን ለውዳሴ ነው።

የመተማ ገበያ ሰውም ይሸጥበት ነበር። ያው ቤከር በዳስ ተጠልለው ገዢ የሚጠብቁ ሴት ልጆችን ማየቱን ጽፏል፤ የብዙዎቹ ዕድሜ የልጅነት ዕድሜ ነው። ከደቡብና ከምዕራብ ኢትዮጵያ የተነዱ ሰዎች በዚህ በር ወደ ሱዳንና ወደ ዐረብ አገር ወጥተዋል። ከቅርብም ተወስዷል። በመተማና በቋራ፣ ከዚያም ወደ ደቡብ በዓባይ ሸለቆ የሚኖረው የጉሙዝ ሕዝብ ለዘመናት የባሪያ ፈንጋይ ማደኛ ሆኖ ኖሯል። ደገኛው ለዚህ ሕዝብ ያወጣለት ስም ዛሬም በየቡና ቤቱ እንደ ስድብ ይወረወራል። የሚወረውረው ሰው ምን እያለ እንደሆነ የሚያውቅ አይመስልም፤ ቃሉን የሚሰማው ግን ያውቃል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

በዚህ ነገር ላይ ከዛንዚባር የምንማረው አለ። ዛንዚባር እውነተኛ የሐሩር ደሴት ናት፤ በቅርንፉድና በባሪያ ንግድ የከበረች። የባሪያ ገበያዋ እ.ኤ.አ. በ1873 በእንግሊዝ ግፊት ሲዘጋ በቦታው ቤተ ክርስቲያን ተሠራ። ዛሬ ዛንዚባርን የሚጎበኝ ሰው የሱልጣኖቹን ቤተ መንግሥት ካየ በኋላ ወደዚያ ቦታ ይወሰዳል፤ በሰንሰለት የታሰሩ ሰዎችን ሐውልት ያያል። ሕዝቡ ከአፍሪካ፣ ከዐረብና ከሕንድ የተቀላቀለ መሆኑን አይደብቅም፤ እንዲያውም ሙዚቃውን፣ ምግቡንና ቋንቋውን የሠራው ይኸው ቅልቅል ነው ብሎ ይኮራበታል። ደሴቲቱ ችግር የላትም ለማለት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1964 የፈሰሰው ደም ያንን አይፈቅድም። ነገር ግን ክፉውንም ደጉንም ለመንገደኛ የምትነግርበት አንደበት አላት። በውሃ የተከበበችው ለዓለም ስትናገር፣ በመሬት ከእኛ ጋር የተያያዘችው መተማ ለእኛ ለወንድሞቿ እንኳ አልተናገረችም። አንደበት አጥታ አይደለም፤ ሰሚ አጥታ ነው።

«ምሁራን ምን ይሠራሉ?» የሚል ይኖራል። ምሁራንስ ሠርተዋል። ለምሳሌ የታሪክ ምሁሩ አብዱሰመድ አሕመድ በቤላ ሻንጉልና በጉሙዝ ስለነበረው የባሪያ ንግድ ጽፈዋል። ችግሩ ጥናቱ የታተመው በእንግሊዝኛ፣ በውጭ አገር መጽሔት መሆኑ ነው። የጉሙዝ ታሪክ ለንደንና ካሊፎርኒያ ደርሶ ደብረ ታቦር አልደረሰም። የአማርኛው ጸሐፊ፣ የአማርኛው አሳታሚና የአማርኛው አንባቢ ግማሽ መንገድ ሄደው አልተቀበሉትም። በአማርኛ የጉሙዝን ነገር ለመጻፍ የተነሣ ሰው የሚያገኘው ምክር «ማን ያነብልሃል?» የሚል ነው። ያላዩት አገር አይናፍቅም ይላል ያገሬ ሰው። ያላነበቡትም አገር እንዲሁ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር እንግባ። ከዚህ ሐሳብ የሚቃረኑ ሰዎች አፋቸውን ሞልተው የሚናገሩት አንድ ነገር አለ። «መተማ ጠረፍ ነው፤ ጠረፍ ደግሞ ስስ ነው። ተክሩር ነበር፣ ሱዳን ነበር፣ ጉሙዝ ነበር እያላችሁ ስትጽፉ ድንበራችንን ለሚመኝ ጠላት ወረቀት ታቀብላላችሁ» ይላሉ። ስጋቱን አንንቀውም። በግንቦት 1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክና እንግሊዝ በተፈራረሙት ውል የተበጀው መስመር ከመቶ ዓመት በላይ ሲያወዛግብ ኖሯል። በኅዳርና በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራዊት በሰሜኑ ጦርነት ተይዞ ሳለ የሱዳን ጦር ከመተማ በስተሰሜን ወዳለው አል-ፋሽጋ ገብቶ ኢትዮጵያውያን ገበሬዎችን አፈናቅሏል። ይህን ያየ ሰው ቢሰጋ አይፈረድበትም።

መድኃኒቱ ግን ዝምታ ነውን? አይደለም። እንዲያውም በሽታው ዝምታው ነው። አገር የኔ ነው ሲባል ማስረጃው መቃብር ብቻ ሊሆን አይችልም። «ንጉሣችን ሞቶበታል» ማለት ጥሩ ነው፤ የሱዳን ጸሐፊም «የእኛ አሚር ሞቶበታል» ብሎ ይመልሳል፤ እውነቱንም ነው። በጥር 1880 ዓ.ም. በሳር ውሃ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል ነሥቶ ጎንደርን ያቃጠለው ሐምዳን አቡ አንጃም ከዚሁ ከጋላባት የተነሣ ነው። በመቃብር ብዛት መሟገት ማለቂያ የለውም። የሚያጸናው ማስረጃ የሕያዋን ነው፤ በዚህ መሬት ላይ የሚያርሰው፣ የሚነግደው፣ የሚጋባው ሰው ሁሉ «ታሪኬ በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ተጽፏል» ሲል ነው። የሷሊሕ ሻንጋን ታሪክ የሚያውቅ ልጅ፣ የጠረፉ ሙስሊም በኢትዮጵያ ወገን መቆሙን ያውቃል። የጉሙዝ አያቱ ታሪክ በመጽሐፍ የገባለት ልጅ፣ አገሩን በውሰት እንዳልያዘ ያውቃል። እነዚህን ታሪኮች ሰርዞ ድንበር እጠብቃለሁ ማለት ምሰሶውን ነቅሎ ጣሪያውን እንደ መደገፍ ነው።

ከውጭ ጠላት ይልቅ እርስ በርስ የተፈሰሰውስ ደም? ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ በዚህ ቆላ በአማራና በቅማንት፣ በአማራና በጉሙዝ ስም በተነሡ ግጭቶች ጎረቤት ጎረቤቱን ገድሏል፤ መንደር ተቃጥሏል። በየጊዜው ዜናው ይነገረናል፤ የሟች ቁጥርና የመንገድ መዘጋት። እነዚህ ሰዎች እንዴት አብረው ኖረው ነበር? ማን ከማን ጋር ይገበያይ፣ ማን የማንን ልጅ ክርስትና ያነሣ፣ ማን ከማን ማር ይገዛ ነበር? የሚመልስልን ጽሑፍ የለንም። ቀድሞ ያልተዋወቅነውን ሕዝብ ለማስታረቅ የምንሄደው በባዶ እጃችን ነው።

ሌላም «ቆላ ያው ወባ ነው፤ ሰው ለሥራ ወርዶ ይመለሳል እንጂ ባህል የሚያበቅል አገር አይደለም» የሚል ወገን አለ። ለእርሱ መልሱ ከቤቱ ውስጥ አለ። ጠዋት ቡና ሲፈላ የሚጨሰው፣ እሑድ በቅዳሴ ከጽናው የሚወጣው ዕጣን ከየት መጣ? ከሚመጣባቸው አገሮች አንዱ የመተማ ቆላ ነው። ዛፉን በሙቀት ውስጥ ቅርፊቱን እየፋቀ፣ ደርቆ የረጋውን እየለቀመ የሚያወርደው ሰው አለ። ደገኛው መተማን በየቀኑ ያሸታታል፤ አያውቃትም። ያ ዛፍ ደግሞ እያለቀ ነው። የኢትዮጵያና የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች በመተማ የዕጣን ጫካ ላይ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ ይፋ ያደረጉት ውጤት፣ በዚያው ሁኔታ ከቀጠለ የዛፎቹ ብዛት በ50 ዓመት ውስጥ 90 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል፣ የዕጣኑም ምርት በ15 ዓመት ብቻ በግማሽ ሊወርድ እንደሚችል አስጠንቅቋል። እሳትና ግጦሽ ችግኙን አያሳድጉትም፤ አሮጌውን ዛፍ ጢንዚዛ ይበላዋል። ስለ ቤተ ክርስቲያን ቅርስ የሚቆረቆር ሁሉ ስለ ብራናው ሲጮኽ ስለ ዕጣኑ ዛፍ ዝም ማለቱ ለምን ይሆን? ዛፉ ቆላ ስለበቀለ ነው።

ሰሊጡም እንዲሁ ነው። በምርት ገበያ ዋጋው ሲጠራ «የሁመራና የጎንደር» ይባላል፤ የውጭ ምንዛሪ ያመጣል ተብሎ ይወደሳል። የሚያርመውና የሚያጭደው በብዛት ከደጋ የሚወርድ የጉልበት ሠራተኛ ነው። ሌሊት ሜዳ ላይ ያድራል። በዋልካው መሬት ስንጥቅ ውስጥ የምትኖረው የአሸዋ ዝንብ ነክሳው ካላዛር የሚባለውን በሽታ ታወርሰዋለች። ሰውነቱ በሽታውን ለምዶ ያላደገው የደጋ ልጅ ይበልጥ ይጠቃል፤ ካልታከመ ይገድለዋል። መተማና ሁመራ በዚህ በሽታ በሀገራችን ከታወቁት ቦታዎች ግንባር ቀደም ናቸው። ብዙ ሺ ወጣት በየዓመቱ የሚወጣበትና የሚወርድበት ይህ ጉዞ፣ ስንብቱ፣ የማታው ጨዋታ፣ የደመወዝ ቀኑ፣ ታሞ የሚመለሰው፣ ሳይመለስ የሚቀረው፣ ይህ ሁሉ የልብ ወለድ ርእስ አይደለምን? ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ ያለውን ፍቅር ደጋግመን ከጻፍነው፣ ከጎጃም እስከ መተማ ያለውን መከራ አንድ ጊዜ ብንጽፈው ምን ይጎድለናል?

የጉሙዝን ባህልማ ተዉት! ወንድም እህቱን ሰጥቶ የሌላውን እህት የሚያገባበት የልውውጥ ጋብቻ፣ በመቆፈሪያ የሚለማው የማሽላ እርሻ፣ አደኑና ማሩ፣ ከሴማዊም ከኩሻዊም የማይመደብ ቋንቋው፤ ይህን ሁሉ የሚያውቁት ጥቂት የቋንቋና የኅብረተሰብ ተመራማሪዎች ናቸው። ለቀረነው የባህል ትርዒት ሲኖር መድረክ ላይ ወጥቶ አምስት ደቂቃ ጨፍሮ የሚወርድ ሕዝብ ነው።

ይህ ቆላ በር ነው ብለናል። በዚህ በር ማን እንዳለፈ እንቁጠር። በ1977 ዓ.ም. ገደማ ከጎንደር ገጠሮች የተነሡ ቤተ እስራኤላውያን ሌሊት ሌሊት እየተጓዙ በዚህ አቅጣጫ ወደ ሱዳን ወጡ፤ በ«ዘመቻ ሙሴ» ወደ 8 ሺ የሚጠጉት ወደ እስራኤል ሲወሰዱ፣ በሺ የሚቆጠሩት በመንገድና በመጠለያ ሞተው ቀሩ። በኢየሩሳሌም በሄርዝል ተራራ መታሰቢያ ተሠርቶላቸዋል። ሰዎቹ ግን የሞቱት ወደ እኛ ጠረፍና ከዚያ ወዲያ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ ከእኛ መንደር ወጥተው፣ የእኛን ቋንቋ እየተናገሩ። ከሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የካርቱም ጦርነት ሲፈነዳ በሩ በሌላ አቅጣጫ ተከፈተ፤ ሱዳናዊውም፣ ከሱዳን የሚመለሰው ኢትዮጵያዊም፣ የሌላ አገር ሰውም በመተማ ገባ። ከገንዳ ውሃ ብዙም በማይርቀው በኩመር፣ ኋላም በአውላላ መጠለያ ተቋቋመላቸው። አብዛኛው ሰው እንደ ጎርፍ መጥቶ እንደ ጎርፍ አለፈ፤ ስለ እርሱ የቀረልን የዜና ቁራጭ ነው። መጋቢት 1881ን ያስታወስን ሰዎች ሚያዝያ 2015ን የማናስታውስበት ምክንያት ምንድን ነው? በዚህኛው ንጉሥ ስላልሞተ?

እንግዲህ የምንለው ግልጽ ነው። የዐፄ ዮሐንስ ምዕራፍ በመጽሐፍ ውስጥ ይቆይ፤ ከፊቱ ግን የመተማ ገበያ፣ ከአጠገቡ ሷሊሕ ሻንጋ፣ ከኋላው የጉሙዝ እናት ይግቡ። በእንግሊዝኛ የተጻፈው ወደ አማርኛ ይመለስ፤ በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በጉሙዝኛም ይነገር። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ አጠገቡ ነው፤ ተማሪው ለመመረቂያ ጽሑፍ የፋሲልን ግንብ አሥረኛ ጊዜ ከሚለካ ወደ ቆላው ወርዶ ሽማግሌዎቹን ያናግር፤ ሽማግሌ ደግሞ አይጠብቅም። ደራሲውም ይውረድ። ወባን ለሚፈራ አጎበር አለ፤ ድንቁርናን ለሚወድ ግን አጎበር የለውም።

ቆላው የሰው አገር ነው። ስሙን የሰጠነው ለአንድ ንጉሥ ሲሆን፣ የያዘው ግን ብዙ ሕዝብ ነው። ንጉሡ የሞቱለት ምድር ባዶ ነበር ብለን ካሰብን፣ ለምን እንደ ሞቱም አላወቅንም ማለት ነው።